የቀማሹ ሳህን

ዘበኛው ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ግድግዳውን በአንድ እጁ ተደግፎ ሲያስመልስ አብሳይዋ ባልዲዋን እንደያዘች ደረሰችበት። ባርኔጣው እንዳይቆሽሽበት አውልቆ ብብቱ ሥር ሸጉጦታል። የእግሯን ኮቴ ሰምቶ ዞር ሲል አፉን በእጅጌው ጠረገና ምንም እንዳልሆነ ሰው ፈገግ ሊል ሞከረ።

"አባባ! ምን ሆነው ነው?"

"ምንም። ጉሮሮዬን ነው።"

"ጉሮሮ እንዲህ ያደርጋል?"

"የኔ ያደርጋል፤ ምን አገባሽ?" አለና ተመልሶ አጎነበሰ።

አብሳይዋ ባልዲውን መሬት አስቀምጣ፣ እስኪወጣለት ድረስ ጀርባውን በመዳፏ ደገፈችው። ሐሳቧ ግን እሱ ጋ አልነበረም። ወጥ ቤት ውስጥ፣ ሁለቱ ትልልቅ ድስቶች ላይ ነበር። ሰዓቱ አምስት ተኩል ሊሆን ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ደወል ይደወልና ሰባት መቶ ሰማንያ ልጆች ሳህናቸውን ይዘው ይሰለፋሉ። ከነዚያ ድስቶች እስካሁን አንድ ሙሉ ሳህን የበላ ሰው ቢኖር ደግሞ ይሄ አሁን አንጀቱን ሊተፋ የደረሰው ሽማግሌ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምሳው ለልጆቹ ከመቅረቡ ሁለት ሰዓት በፊት አንድ አዋቂ ከየድስቱ ተነስቶለት ሙሉ ሳህን መብላትና ደብተር ላይ መፈረም አለበት። ደንቡ "ርዕሰ መምህሩ" ይላል። ርዕሰ መምህሩ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ቀን በላ፤ በሦስተኛው ቀን ስብሰባ አለብኝ አለ፤ ስብሰባው እስከ ዛሬ አላለቀም። ሳህኑ ለዘበኛው ተላለፈ። ዘበኛው ሥራውን እንደ ዳኝነት ነው የያዘው። እጁን ታጥቦ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ብቻውን ጠረጴዛ ይዞ ይበላል። ሲጨርስ ደብተሩ ላይ "ጨው አንሷል"፣ "ካሮት በዝቷል"፣ ቀን ከቀናው ደግሞ "እጅሽ ይባረክ" ብሎ ይጽፋል። ተማሪዎቹ "ቀማሹ" ይሉታል። ዛሬ አራት ሰዓት ላይ የጻፈው "ለስላሳ ነው" የሚል ነበር።

"ጠዋት ቤትዎ ምን በሉ?" አለችው።

"እንቁላል። የቆየ እንቁላል ነበር መሰለኝ።"

"አባባ፣ በልጆቹ ይዤዎታለሁ። እውነቱን ይንገሩኝ።"

ዘበኛው ባርኔጣውን ከብብቱ አውጥቶ ዞር ዞር አድርጎ አየው። "እኔ መቼ በልቼ መጥቼ አውቃለሁ? ሆዴን የማስቀምጠው ላንቺ ሳህን አይደል?" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ለማንም እንዳትናገሪ። የምክር ቤቷ ሴትዮ ግቢ ገብታለች፤ በሩን የከፈትኩላት እኔው ነኝ። ዛሬ አንዲት ክፉ ወሬ ከተሰማ ሐሙስ ምሳውን ይዘጉታል። የልጅ ልጄ እዚህ አይደለም እንዴ የምትበላው?"

"እሷስ ዛሬ ከየትኛው ድስት የምትበላ መሰለዎት?"

ሽማግሌው ይህን አላሰበውም ነበር። አብሳይዋ ባልዲዋን እዚያው ትታ ወደ ወጥ ቤት ሮጠች።

ሐሙስ የተባለው ቀን በትምህርት ቤቱ ያለ አዋቂ ሁሉ እንቅልፍ ያጣበት ቀን ነው። እስከ አምና ድረስ ምሳ የሚበሉት ባለካርዶቹ ብቻ ነበሩ፤ ቤታቸው ድሃ መሆኑ በወረቀት የተረጋገጠ መቶ ስልሳ ልጆች። ከዚህ ዓመት መጀመሪያ ጀምሮ ግን ምሳው ለሁሉም ሆነ፤ ካርድ የለም፣ ማጣሪያ የለም፣ ልጅ መሆን በቂ ነው። ግማሽ ዓመት ተሞከረ። ሐሙስ ምክር ቤቱ ተሰብስቦ ለሁሉም ይቀጥል ወይስ ወደ ካርዱ ይመለስ የሚለውን ይወስናል። እንግዳዋ ዛሬ የመጣችውም ዓይታ ልትመሰክር ነው።

ወጥ ቤት ስትገባ ረዳቷ በርጩማ ላይ ቆማ አንደኛውን ድስት በረጅም ማማሰያ ታማስላለች። ይህችን ወጣት ሁሉም "ቀጮ" ነው የሚላት። ድስቱ ውስጥ ብትገባ ወጡ ከፍ አይልም እየተባለ ይቀለድባታል፤ እሷም አብራ ትስቃለች። አሁን ግን ፊቷ አመድ መስሏል።

"ከታች አውጪልኝ" አለቻት አብሳይዋ።

"ከታች? ለምን?"

"አውጪ አልኩሽ እኮ!"

ቀጮ ማማሰያውን እስከ ድስቱ ቂጥ ሰድዳ ጥቂት ቀይ ቦሎቄ አወጣች። አብሳይዋ አንዱን በሁለት ጣቷ ጫን አለችው። ልጣጩ ሙልጭ ብሎ ወጣ፤ ላዩ ቅቤ ነው። ከዚያ ለሁለት ከፈለችው። ልቡ ነጭ፣ ደረቅ፣ ጥሬ ነበር። ሌላ አነሳች። እሱም ያው። ሦስተኛውን ማንሳት አላስፈለጋትም።

ጠዋት የሆነው ሁሉ አንድ በአንድ መጣባት። የጋዝ ሲሊንደሩ ገና በጠዋቱ አለቀ። ተተኪው ሲመጣ ግማሽም አልያዘም፤ እሳቱ እየተርገበገበ ድስቱን ከታች ላስ ላስ ያደርገዋል እንጂ አይይዘውም። እንፋሎት አየች፤ ሲንተከተክ ግን አላየችም። ሰዓቱ ሲገፋባት ለዓመታት ያደረገችውን አደረገች፤ የምግብ ሶዳ በእፍኟ ነሰነሰችበት። ድሮ፣ ለመቶ ስልሳ ልጆች በትንሿ ድስት ስትሠራ፣ ድስቷ በኃይለኛ እሳት ትንተከተክ ስለነበር ሶዳው ሥራ ያቃልልላት ነበር እንጂ ጉዳት አልነበረውም። ዛሬ ግን በዚህ በርሜል በሚያህል ድስት፣ ቦሎቄው ሳይፈላ ለብ ብሎ እንደዋለ፣ ሶዳው ላዩን አልስልሶ እጇን አታለለው። የዘበኛውንም ምላስ አታለለው። ሳይፈላ የለሰለሰ ቀይ ቦሎቄ ሆድ ዕቃን ገልብጦ እንደሚያወጣ ደግሞ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ አዲስ ረዳት በመጣች ቁጥር የመጀመሪያው ቀን ትምህርቷ እሱ ነው።

"እኔ ነኝ" አለች።

"ምኑ?"

"ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሁለቱንም ድስት።"

ቀጮ ከበርጩማው ወረደች። "እኔም ከቅድም ጀምሮ ሆዴን እያገላበጠኝ ነው" አለች ፈራ ተባ እያለች። "ሁለት ማንኪያ ቀምሼ ነበር። ሴትዮዋ ስለመጣች ፍርሃት ይሆናል ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

ለአንድ አፍታ፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል፣ አብሳይዋ ዝም ብልስ ብላ አሰበች። ልጆቹ በስድስት ሰዓት ቢበሉ የሚታመሙት ከሰባት ተኩል በኋላ ነው። እንግዳዋ በሰባት ሰዓት ትሄዳለች። ሐሙስ እጅ ይወጣል፣ ምሳው ይቀጥላል፣ የዛሬዋ ቀን ትረሳለች። አሰበችውና ራሷን ተጸየፈች። እንዲህ ያለ ሐሳብ የሷ ጭንቅላት ውስጥ ሊገባ መቻሉ ከቦሎቄው በላይ አስፈራት።

በዚህ መሃል ርዕሰ መምህሩ ገባ። የክት ኮቱን ለብሷል፤ ጫማውን እንደ መስታወት አስጠርጎታል።

"እንግዳችን ሦስተኛ ክፍልን እያየች ነው" አለ እጆቹን እያፋተገ። "ከልጆቹ ጋር እበላለሁ ብላለች። ምሳው ተዘጋጀ?"

"ዳይሬክተር፣ ይሄ ቦሎቄ አይቀርብም።"

ርዕሰ መምህሩ ቀልድ መስሎት ሊስቅ ጀመረ፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። "አይቀርብም ማለት?"

"አልበሰለም። ዘበኛው በልተው እያስመለሱ ነው።"

"ዘበኛው ሰባ ዓመቱ ነው እማማ። ውሃ ቢጠጣም ያመዋል።"

"ቀጮንም አሟታል።"

"እሷን ነፋስም ያማታል! ደብተሩን ቅድም አይቼዋለሁ፤ 'ለስላሳ ነው' ብሎ ፈርሟል። ወረቀታችን የተሟላ ነው።"

"ልጆቹ ወረቀቱን አይበሉም እኮ!"

"እሺ፣ እንደገና ይፍላ። ግማሽ ሰዓት አለን።"

"በምን ይፍላ? እሳቱን ይዩት እስቲ።" ጎንበስ ብሎ አየ። ከምድጃው ሥር ሰማያዊ ነበልባል እንደ ሻማ ጭል ጭል ይላል። ቀና ሲል ፊቱ ላይ ላብ ነበር።

ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን አብሳይዋም ታውቃለች። ይህ ምሳ ለሁሉም እንዲሆን ሁለት ዓመት ሙሉ ከቢሮ ቢሮ የተንከራተተው እሱ ነው። ደብዳቤ ሲያስገባ "ነገ ና" እየተባለ፣ ነገ ሲሄድ ኃላፊው የለም እየተባለ፣ ጫማው አልቋል። አሁን ግን ጭንቅ ውስጥ ገብቷል፤ ሰው ሲጨንቀው ደግሞ የቅርቡን ብቻ ነው የሚያየው።

"ይስሙኝ እማማ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "አንዳንድ ልጅ ሆዱን ቢቆርጠው ያልፍለታል። ልጅ ነው፤ አንዴ አስመልሶ ተመልሶ ይጫወታል። ዛሬ ምሳ አልቀረበም ከተባለ ግን አለቀ። 'ለመቶ ስልሳ ማብሰል የለመዱ ሴቶች ለሁሉም ማብሰል አቃታቸው' ነው የሚሉን። የደከምንበት ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው። ይሄን ይፈልጋሉ?"

"አልፈልግም።"

"እንግዲያው ላዩን ላዩን እናውጣ። ላዩ በስሏል።"

"ላዩም ታቹም አንድ ነው ዳይሬክተር። እኔ አላወጣም።"

"እርስዎ ባያወጡ የሚያወጣ አይጠፋም።" ወደ ረዳቷ ዞረ። "ቀጮ፣ ማውጣት ጀምሪ።"

ቀጮ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየች። ገና የሙከራ ጊዜዋን ያልጨረሰች ናት፤ ርዕሰ መምህሩ በአንዲት ፊርማ ሊያሰናብታት ይችላል። እጇ ወደ ጭልፋው ሄደ።

አብሳይዋ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር የፈሳሽ ሳሙናውን ጀሪካን ጎትታ አወጣች፤ ክዳኑን በጥርሷ ነቀለችውና መጀመሪያ አንደኛው ድስት ላይ፣ ቀጥላ ሁለተኛው ላይ እየተንዶቀዶቀ ገለበጠችው። አረንጓዴው ሳሙና በቀዩ መረቅ ላይ ተንጣለለ። ማማሰያውን አንስታ አንድ ዙር አማሰለችው፤ አረፋው እስከ ድስቱ አፍ ተነሳ።

ርዕሰ መምህሩ ለብዙ ዓመት አፉን የሞላበትን "እርስዎ" በአንድ ጊዜ ረሳው። "አበድሽ እንዴ! አንቺ ሴት፣ አበድሽ?"

"አላበድኩም። ማንም እንዳያወጣው ነው።"

"ገደልሽን! በቁማችን ቀበርሽን!"

"ምንድን ነው የሸተተኝ? ሎሚ ነው?" የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። የምክር ቤቷ ሴት ነበረች። አጠር ያለች፣ መነጽሯን አናቷ ላይ የሰቀለች፣ ማስታወሻ ደብተር የያዘች ሴት ናት።

ርዕሰ መምህሩ ኮቱን አስተካከለ።

"ምሳው ነው" አለች አብሳይዋ።

ሴትየዋ ቀረብ ብላ ድስቶቹን አየች። አረፋውን አየች፣ ጀሪካኑን አየች፣ ከዚያ መነጽሯን አውርዳ አብሳይዋን አየች። "ያስረዱኛል?"

አብሳይዋ አስረዳቻት። ጋዙን፣ ሶዳውን፣ ዘበኛውን፣ ሳሙናውን፣ ሁሉንም ሳታስቀር ነገረቻት። ርዕሰ መምህሩ ምን እንዳለ ግን አላነሳችም። "ጥፋቱ የምሳው አይደለም፤ የኔ ነው። ሐሙስ ሲናገሩ እንደዚህ ብለው ይናገሩልኝ" ብላ ጨረሰች።

ሴትየዋ ጻፈች። ስትጽፍ ፊቷ ምንም አያስነብብም። "ግልጽ ልሁንልዎ" አለች ደብተሯን ሳትዘጋ። "እኔ የመጣሁት የተራበ ልጅ ይብላ አይብላ ለማለት አይደለም። ይብላ። 'ለሁሉም' የሚለው ነገር አስፈላጊ ነው ወይ ነው ጥያቄዬ። ቤቱ የሚበላ ያለው ልጅ ለምን እዚህ ይበላል? አሁን እንኳ ይኸው፣ ልጆቹ ሲበዙ ተበላሸ። ለመሆኑ የቀረ ምግብ አለ?"

የቀረው ሩዝ ነበር። የሳምንቱ ሩዝ ተጓድሎ ስለመጣ አብሳይዋ ዛሬ ሳህን የሚያለብስ ያህል ብቻ ነው የሠራችው፤ ሆድ የሚይዘው ቦሎቄው ነበር። በሙሉ ሳህን ከተሰፈረ ለሁለት መቶ ልጅ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ አይሄድም።

ርዕሰ መምህሩ ይህን ሲሰማ ነፍስ ዘራ። "ሁለት መቶ? እንግዲያው ተገላገልን። የአምናው ዝርዝር መሳቢያዬ ውስጥ አለ። መቶ ስልሳዎቹን ጠርተን በሙሉ ሳህን እናብላ፤ የቀሩት ለዛሬ ቤታቸው ይሂዱ። መጀመሪያ መብላት ያለበት የባሰበት ልጅ ነው። ተሳሳትኩ?"

ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች። "ምክንያታዊ ነው።"

ለአብሳይዋም በእርግጥ ምክንያታዊ ነበር። ቤቱ የሚበላው የሌለው ልጅ ሩዝ ጠግቦ ቢውል ምን ይከፋል? ሩዙን ከፍላ፣ ቤቱ ምሳ ለሚጠብቀው ልጅ መስጠቷ ግፍ አይሆንም? ነገሩን አገላብጣ ሳትጨርስ ደወሉ ተደወለ፤ ርዕሰ መምህሩም ዝርዝሩን ሊያመጣ እየሮጠ ወጣ።

ልጆቹ ግቢውን ሞሉት። ሳህናቸውን እንደ ከበሮ እየመቱ፣ እየተገፋፉ፣ እየተሳሳቁ ተሰለፉ። ርዕሰ መምህሩ በወጥ ቤቱ ደረጃ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። "ዛሬ ትንሽ ችግር ገጥሞናል። ስማችሁን የምጠራችሁ ልጆች ብቻ ወደፊት ውጡ።" ሳቁና የሳህኑ ድምፅ ቀጥ አለ።

የመጀመሪያውን ስም ጠራ። ማንም አልወጣም።

ደግሞ ጠራ። ሰልፉ መሃል አንዲት የአምስተኛ ክፍል ልጅ ድንገት ቁጢጥ ብላ የጫማዋን ክር ማሰር ጀመረች። ክሩ የታሰረ ነበር። ፈትታ አሰረችው፤ ደግሞ ፈታችው። አጠገቧ ያሉት ልጆች አንገታቸውን እያሰገጉ ማን ይሆን የተጠራው እያሉ ይፈልጋሉ።

"ሁለተኛ" አለ ርዕሰ መምህሩ፣ ሌላ ስም ጠራ። ጸጥ። ሦስተኛው ስም ላይ አንድ ትንሽዬ ልጅ ብቻ ብቅ አለ፤ ከኋላው "ባለካርድ!" የሚል ድምፅ ሲሰማ ሳህኑን ሆዱ ላይ ለጥፎ ቆመ።

አብሳይዋ ከመስኮቱ ሆና ጫማ የምታስረውን ልጅ አየች። የገዛ ልጇም ከዓመታት በፊት እዚሁ ባለካርድ ነበረች። ምሳ ሰዓት ላይ በዚህ መስኮት ዞር ብላ አታውቅም ነበር። አብሳይዋ ልጄ በአብሳይነቴ አፈረች ብላ አኩርፋ ከረመች፤ ቤትም ሲገቡ "በላሽ?" ብላ አልጠየቀቻትም። ልጅቱ አንድ ቀን በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሮጣ ስትወድቅ ካልሲዋ ውስጥ ካርዱ ተገኘ፤ የምሳ ማህተም አንድም ቀን አልተመታበትም። አንድ ሙሉ ዓመት ጦሟን ውላለች፤ እናቷ በአሥር ሜትር ርቀት ላይ ለሌሎች ልጆች ምግብ እያወጣች። አብሳይዋ ይህን ባሰበች ቁጥር የሚነሳባት ቁጣ በማን ላይ እንደሆነ እስከ ዛሬ አታውቅም፤ አብዛኛው ግን በራሷ ላይ ነበር።

"አራተኛ" አለ ርዕሰ መምህሩ።

"ዳይሬክተር" አለች በመስኮቱ፣ ጮክ ብላ፣ ልጆቹ ሁሉ እየሰሙ። "ይበቃል። ዝርዝሩን ያስቀምጡትና ሰልፉን ይልቀቁልኝ።"

"ሩዙ አይበቃም እኮ!"

"በሳህን አይበቃም።"

ቀጮ እንደ ሁልጊዜው ትልቁን ጭልፋ አቀበለቻት። አብሳይዋ አልተቀበለቻትም። ከመደርደሪያው ላይ እነሱ ራሳቸው ሻይ የሚጠጡባትን ብርጭቆ አወረደች፤ ሩዙ ውስጥ ነክራ ሞላቻትና የብርጭቆዋን አፍ በጣቷ አስተካከለች። የመጀመሪያው ልጅ ሳህን ላይ ገለበጠችው። ቁልል አልነበረም፤ ሳህኑ መሃል ላይ የተቀመጠ ጭብጥ የማይሞላ ሩዝ ነበር። ልጁ ሩዙን አየ፣ እሷን አየ፣ ለሚቀጥለው ቦታ ለቀቀ።

የምክር ቤቷ ሴት ከጎኗ ቆማ ታያለች። "ይሄ ማንንም አያጠግብም" አለች።

"አያጠግብም" አለች አብሳይዋ፤ ጫማ ስታስር የነበረችው ልጅ ከሌሎቹ መሃል ሳህኗን ይዛ ስትመጣ ከሩቅ እያየች፣ ብርጭቆዋን እንደገና ሞላች።